ቁሌቱን እሁድ፣ ወጡን ማታ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች የተባባሉ ይመስላሉ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ባዶ ድስት ፊት መቆም ሰልችቶናል፣ ምን ሠርተን እናስቀምጥ ነው የሚሉት። እኔ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ለብዙ ዓመት ምሳ ቤት ነበረኝ። ምሳ ቤት ውስጥ ደንበኛ ከተቀመጠ በኋላ ሽንኩርት መክተፍ የሚጀምር የለም። ግን የሳምንት ወጥ ሠርቶ እያሞቀ የሚሸጥም ደንበኛ አይቆይለትም። ስለዚህ ለሁላችሁም የምለው ከሞላ ጎደል ያው ነው፦ ጊዜ የሚበላውን ሥራ አስቀድማችሁ ጨርሱት፣ የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ግን ለማታ ተዉአት። ዝርዝሩ እንደየቤቱ ይለያያል።

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባንክ ነው የምሠራው። ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጆቹ ደግሞ 2 ሰዓት ላይ መተኛት አለባቸው። ሠራተኛ የለኝም። በሳምንት አምስቱን ቀን ሽሮ ሆነ። ትልቁ ልጄ ሰሞኑን ክዳኑን ከፍቶ አይቶ መልሶ ከደነው። ፍሪጅ አለኝ። እሁድ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከመንደራ ቆጪ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ሽሮን አትክሰሺው። ልጅሽ የሰለቸው ሽሮውን ሳይሆን የተቻኮለውን ሽሮ ይመስለኛል። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ፣ ውሃው ላይ ዱቄቱ ተበትኖ በአሥር ደቂቃ የሚወጣ ሽሮ እኔንም ክዳን ያስመልሰኛል።

ጊዜሽን የሚበላው ቁሌቱ ነው። እሱን እሁድ ጨርሽው።

ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ላጪና ድቅቅ አድርገሽ ክተፊ። ይህ አስለቃሹ ክፍል ነው፤ ትልቁን ልጅ ነጭ ሽንኩርት አስልጪው፣ ድስት ከፍቶ ከመክደን ይሻለዋል። ሰፊና ወፍራም ድስት ጣጂ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሪው፣ እሳቱን መካከለኛ አድርጊ። መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፣ ከዚያ ውሃው እየጨረሰ ይመጣል፣ ሽንኩርቱም ይሟሽሻል። ለሦስት ኪሎ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እዚህ ላይ አትቸኩይ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይት ከገባ ወጡ ሁልጊዜ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ በኋላም ምንም ብታደርጊው አይስተካከልም። ስኳር የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልወደውም። የበሰለ ሽንኩርት ራሱ ይጣፍጣል።

ከዚያ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ዘይት ጨምሪ። አራት ራስ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል ወቅጠሽ አግቢበት። አሥር ደቂቃ ያህል አቁላልተሽ ድስቱን ለሁለት ክፈይው።

አንዱ ቀይ ይሆናል። አንድ የሻይ ብርጭቆ በርበሬ ጨምሪና በትንሽ በትንሹ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቁላይ። በርበሬው እንዳያር ነው ውሃው። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲል ደርሷል። ሌላው አልጫ ይሆናል። እሱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ብቻ ጨምሪ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ቅቤ አታስገቢ። ጨውም ለጊዜው ተዪው። ቅቤ ካልገባበት ያው ቁሌት ረቡዕና ዓርብ ለጾም ይሆናል፣ ማክሰኞ ደግሞ ለፍስክ። ለዚያም ባይሆን፣ ንጥር ቅቤ መጨረሻ ላይ ሲገባ ነው መዓዛው ቤቱን የሚሞላው። እሁድ ገብቶ ሐሙስ ሲበላ የኮረሪማው ነገር ይደበዝዛል።

አሁን አስቀማመጡ። ትኩሱን ድስት ከነክዳኑ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቺ። መሐሉ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፣ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ሰፋ ባለ ትሪ ዘርጊው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ይግባ። በትንንሽ ክዳን ባላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ከፋፍዪው፤ አንድ ዕቃ ለአንድ ማታ። እስከ ሐሙስ የምትጠቀሚበትን ታች ፍሪጁ ውስጥ አድርጊ፣ የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ። ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ቢቆይም ምንም አይለውም።

ማታ ማታ የሚቀርሽ ይህ ነው። ሰኞ ምስር ክክ ታጥቦ ከቀይ ቁሌትና ከሙቅ ውሃ ጋር ይጣዳል፤ ልብስ ለውጠሽ፣ የልጆቹን ደብተር አይተሽ እስክትመለሺ ሃያ ደቂቃ ይሞላል። ማክሰኞ የተፈጨ ሥጋ ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ፣ ትንሽ አብሽ ተነስንሶበት ምንቸት አብሽ ይሆናል። ረቡዕ ድንችና ካሮት በአልጫው ቁሌት። ድንቹን ግን ቀድመሽ ሠርተሽ ፍሪዘር አታስገቢ፤ ሲቀልጥ ስፖንጅ ይሆናል። ሐሙስ ሁለት ቲማቲም ከትፈሽ ቀዩ ላይ ጨምሪ፣ ስልስ ሆነ፤ ፓስታ ቀቅለሽ አቅርቢላቸው። ዓርብ ሽሮ! ልጅሽ ያን ዕለት ክዳኑን አይመልስም።

ስለ መብራት። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን እየከፈትሽ አትዪው። ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት ሁለት ቀን ገደማ፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ አንድ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ፍሪዘርሽ ባዶ ቦታ ካለው በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ አስቀምጪበት። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው፣ በረዶ ሲሆን ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ተዛውሬ ጅማ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚያ እንጀራዬ አራት ቀን ይቆይ ነበር። እዚህ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ያወጣል። ጤፉ ያው፣ ምጣዱ ያው። ለሳምንት መጋገር እፈልጋለሁ፣ ግን ግማሹን እየጣልኩ ነው። ቡዳ በላኝ?
ግራ የገባት፣ ከቦሳ

መልስ፦ ቡዳ አይደለም፣ እርጥበት ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለችም። በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ሻጋታ ሠርግ ነው። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ምንም ብታደርጊ እንደ አዲስ አበባው አይሆንልሽም። አካሄድሽን መቀየር ነው ያለብሽ።

መጀመሪያ፣ ትኩስ በትኩስ ላይ አትደርቢ። እያንዳንዱ እንጀራ ሰፌድ ላይ ብቻውን እንፋሎቱ ይውጣለት። ሰፌድ ከአንድ በላይ ይኑርሽ። ሞቅ እያለ መሶብ ከገባ ላቡ ተመልሶ እንጀራው ላይ ያርፋል። በላስቲክ መጠቅለል ደግሞ ይብስበታል። አየር እንዳይገባ ብለሽ የምታደርጊው ነገር እርጥበቱን ነው የሚያፍነው።

ሁለተኛ፣ መሶቡን መርምሪው። ጨርቁን በፈላ ውሃ እጠቢውና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከታች የተጠራቀመ ፍርፋሪ ካለ አራግፊው። የባለፈው ሳምንት ሻጋታ እዚያ ተቀምጦ አዲሱን እንጀራ ይጠብቃል። ፀሐይ በወጣች ቁጥር መሶቡን ራሱን አውጥተሽ አስጪው። ጅማ ውስጥ ፀሐይ ቀጠሮ አታከብርም፣ ስትወጣ ያዢያት።

የሻገተ ካገኘሽ አረንጓዴዋን ቦታ ቆንጥረሽ ጥለሽ ሌላውን አትብዪ። ሻጋታው በዓይን ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ይሄዳል። እንጀራ መጣል ነውር ነው ብለን ስላደግን ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ግን ያ እንጀራ ለሰው አይሆንም።

አሁን ወደ ሳምንቱ። ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ፍሪዘር ነው። የቀዘቀዘውን እንጀራ አራት ቦታ አጥፈሽ፣ በየመሐሉ ቀጭን ላስቲክ እያደረግሽ፣ ለአንድ ቀን የሚበቃሽን በአንድ ፌስታል አስገቢ። ጠዋት ስትወጪ አንዱን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ማታ ስትመጪ ለስልሶ ይጠብቅሻል። ፌስታሉን ከፍተሽ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ትንሽ ካናፈስሽው የዛሬ ነው ብትዪ የሚከራከርሽ የለም። ተደርበው በረዶ ሲሠሩ ብቻ ነው የሚቀደዱት፣ ለዚያ ነው ላስቲኩ።

ሁለተኛው መንገድ ለእኔ የተሻለ ነው። አንዴ አቡኪ፣ ሁለቴ ጋግሪ። ሊጡ ከቦካ በኋላ አብሲት ከመጣልሽ በፊት ለሁለት ክፈይው። ግማሹን አብሲት ጥለሽ፣ ኩፍ ሲል ጋግሪው። ሌላውን ግማሽ በክዳን ዕቃ ፍሪጅ አስገቢው። ቅዝቃዜ መቡካቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፣ ስለዚህ ከሦስት ቀን አታሳልፊው። ለመጋገር ያሰብሽ ዕለት ዋዜማ ማታ አውጪው፤ ጠዋት ከላይ የጠለለውን ውሃ ደፍተሽ አብሲቱን ጣዪ። ትንሽ ሆምጠጥ ይላል። ለሽሮ ይስማማል።

አንድ የረሳሁት፤ ጤፉን ከበቆሎ ጋር የምትቀላቅዪ ከሆነ፣ እዚህ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እንጀራው ሳይሻግት በፊት ይደርቅና ይፈረፈራል። እሱን ለሁለተኛው ቀን ፍርፍር አስቢው።

ጥያቄ፦ አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ያደረ ወጥ አይነኩም። እኔ ደግሞ በየቀኑ አዲስ መሥራት አልችልም። ቁሌት ሠርቼ ማስቀመጥ ጀምሬ ነበር፣ "ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው" ብለው አኮረፉ። ምን ልበላቸው?
ምራት፣ ከጊንጆ

መልስ፦ ምንም አትበያቸው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። በጅማ ሙቀት ጓዳ ውስጥ ያደረ ምስር ጠዋት ምን እንደሚሸት ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ፍርሃታቸው ትክክል ነው።

ቁሌቱን ግን እሳቸው ይሥሩት። ከልቤ ነው የምልሽ። እሁድ ድስቱን ጣጂና "እማማ፣ በስሏል ወይስ ይቆይ?" በዪ። ማማሰያው እጃቸው ሲገባ ነገሩ የእሳቸው ይሆናል። ማታ ደግሞ ምስሩን ፊታቸው ጣጂው። ምስሩ የዛሬ ነው፣ ወጡም የዛሬ ነው። በፋሲካ ማግሥት ዶሮ ወጡን እንዴት እንደሚበሉት ግን አታንሺባቸው።

አንቺም ያደረ ስታሞቂ የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሰሽ አውጪና እስኪንተከተክ ድረስ አሙቂ። ድስቱን በሙሉ እያወጡ፣ እያሞቁ፣ እየመለሱ ነው ወጥ የሚበላሸው።

ጥያቄ፦ እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ ድስት ነው። ፍሪጅ የለም። ውጭ መብላት ኪሴን አራቆተው። የእርስዎ "አስቀድማችሁ ሥሩ" ለእኔ ይሠራል?
አንድ ድስት

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን አንተ የምታስቀምጠው ደረቅ ነገር ብቻ ነው። ፍሪጅ የሌለው ሰው የበሰለ ወጥ ለነገ አያስቀምጥም። ጅማ ውስጥ አይሆንም። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተዘፈዘፈ ነገርም ክፍልህ ውስጥ ለቀናት አታስቀምጥ፤ ሽታው ሳይለወጥ ሊመርዝ ይችላል።

ድርቆሽ ይኑርህ። ቤተሰብ ካለህ ይላኩልህ፤ ከሌለህ የገዛኸው እንጀራ ሲተርፍ ቆራርሰህ በሰፊ ትሪ ላይ ፀሐይ አስጣው። እጅህ ላይ ጥርቅም ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ። ለስለስ ያለ ቁራጭ አብሮ ከታሸገ ሁሉንም ያሻግተዋል። በክረምት ከሞከርከው ትከስራለህ፤ በጋ ላይ ነው የሚደረገው። ቋንጣም ካገኘህ በደረቅ ማሰሮ ወይም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አስቀምጠው። ማታ አንድ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ቋንጣው፣ ውሃ፤ ሲፈላ ድርቆሹን ጨምረህ አገላብጠው። ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ሚጥን ሽሮ ቅመሙ አብሮት ስለተፈጨ ላንተ የተፈጠረ ነው። ሽሮውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ ከዚያ የፈላው ላይ እያማሰልክ ጨምረው፤ አይጓጉልም። እሳቱን ዝቅ አድርገህ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይንተክተክ። ተማሪዎች ሽሮን ጥሬ ጥሬ እያለ ነው የምትበሉት። ለሆድህም ጥሩ አይደለም።

ጠዋት በሶ አለ። በውሃና በማር ወይም በስኳር በጥብጠህ ጠጣው። ቤት ስትሄድ እናትህን ጭኮ ለምናት። የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ነው፣ ያለ ፍሪጅ ለሳምንታት ይቆያል፣ አንዲት ጉርሻ እስከ ምሳ ትይዝሃለች። ማንኪያህ ደረቅ ይሁን እንጂ።

አቮካዶስ? ጅማ ተቀምጠህ አቮካዶ ካልበላህ ምን ልበልህ። ሁሉንም የበሰለ አትግዛ። ሁለት ለዛሬና ለነገ የበሰለ፣ ሦስት ጠንካራ። ጠንካራውን ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተተው፣ ቶሎ ይበስላል። ሎሚ፣ ጨው፣ ትንሽ ሚጥሚጣ፣ ከዳቦ ጋር። ምድጃም አያስፈልግህ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ረመዳን ሲመጣ ከአስር በኋላ ቤቱ ይተራመሳል። ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ የልጆቹ ጩኸት። ሳምቡሳ ቀድሞ ተሠርቶ ፍሪዘር ይገባል ሲሉ ሰምቼ ሞከርኩ፣ ዘይት ውስጥ ተበተነብኝ።
ከሂርማታ መርካቶ

መልስ፦ ወአለይኩም አሰላም። ሳምቡሳሽን የበተነው ውሃ ነው። ምስሩን ድፍኑን ቀቅዪ፣ ግን ቅርጹን ሳይለቅ አውጪው። በወንፊት አጥልዪውና ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ እስኪደርቅ ተዪው። ሽንኩርቱን ጥሬውን አትቀላቅዪ፤ ፍሪዘር ውስጥ ያለ ጥሬ ሽንኩርት ሲቀልጥ ውሃ ነው። ለብ አድርገሽ አቁላልተሽ፣ ቃሪያና ከሙን ጨምረሽ፣ ሲቀዘቅዝ ሙዪው። ትኩስ መሙያ ሊጡን ከውስጥ ያልበዋል።

ሊጡን ሁለት ሁለት አድርገሽ በመሐላቸው ዘይት ቀብተሽ፣ ዱቄት ነስንሰሽ ዳምጪ። ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ አሙቀሽ ለያያቸው። ይህ ከተደረገ ሊጡ ጥሬ ስላልሆነ አይጣበቅም። ጠርዙን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ለጥፊው። ሞልተሽ ስትጨርሺ ትሪ ላይ እንዳይነካኩ ደርድረሽ ፍሪዘር አስገቢ። ድንጋይ ሲሆኑ ነው ፌስታል የሚገቡት። ለመጥበስ አታቅልጫቸው። ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ዘይት፣ እሳቱ መካከለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሽ። ብዙ አንዴ ከጨመርሽ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሳምቡሳዎቹ ይመጥጡታል።

ለሾርባው የአጥንቱን መረቅ ቀድመሽ አውጥተሽ በየቀኑ ልክ ፍሪዘር አድርጊ። አጃውን ግን በዕለቱ። ያደረ የአጃ ሾርባ እንደ ሙጫ ይረጋል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረተኛ ነኝ። ልጃችን በሰላም ተገላግላ ባለቤቴ ልታርሳት አዲስ አበባ ሄዳለች። ሁለት ወር ትቆያለች። በዚህ ዕድሜዬ ድስት ጥጄ አላውቅም። ጎረቤቶች በየቀኑ እየላኩልኝ አፈርኩ። እንደው ለአንድ ሽማግሌ የሚቀል ነገር ካለ?
ከጅሬን

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እንኳንም አያት ሆኑ። አይፈሩ፣ ሦስት ነገር ይበቃዎታል።

ቅንጬ ለጠዋት። አንድ ብርጭቆ ቅንጬ ማታ አጥበው በሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ ይዘፍዝፉት። ጠዋት ከነውሃው ይጣዱት፣ ጨው ጣል ያድርጉበት፣ ሲፈላ እሳቱን ይቀንሱ። ውሃውን ሲጨርስ ቅቤ ጨምረው ይክደኑት። ንጥር ቅቤው ጓዳ ውስጥ አለ፣ ባለቤትዎ ሳይተውልዎት አይሄዱም። ሲጨልፉ እርጥብ ማንኪያ እንዳይገባበት አደራ። ሁለት ወር ቆይተው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ድንች ከነልጣጩ ስምንት ያህል ይቀቅሉ። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይግባ። ለሦስት ቀን ይሆንዎታል፦ አንድ ቀን በቃሪያና በሎሚ እንደ ሰላጣ፣ አንድ ቀን በዘይትና በሽንኩርት ጠበስ ተደርጎ፣ አንድ ቀን እንደምንም። እንቁላልም ስድስት ቀቅለው ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ቢያስቀምጡ ሳምንት ይቆያል። ሲቀቅሉ ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ።

ጎረቤት የሚልክልዎትን ግን አይከልክሉ፣ ይቀየማሉ። ሳህኑን ባዶውን አይመልሱ እንጂ። ጓሮዎ ውስጥ አቮካዶ ወይም ሙዝ አይጠፋም መቼም።

ጥያቄ፦ ጎመንና ቦሎቄ ገበያ ቀን በርካሽ ገዝቼ እመጣለሁ። ጎመኑ በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል፣ ቦሎቄው ደግሞ መብራቱን ጨርሶ አይበስልም። ልተወው?
ሸማች፣ ከሴጦ ሰመሮ

መልስ፦ አትተዪው። ጎመኑን የመጣበት ዕለት ጨርሽው። ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። ጨምቀሽ በጭብጥሽ ልክ ድብልብል አድርጊውና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። ማታ አንድ ሁለቱን አልጫው ቁሌት ላይ ጣል ማድረግ ነው። ቃሪያው መጨረሻ ላይ።

ቦሎቄውን ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፊ። ጠዋት ያን ውሃ ድፊው፤ የሆድ መነፋቱ ይቀንስልሻል፣ መብሰያ ጊዜውም ያጥራል። በአዲስ ውሃ ጣጂና መጀመሪያ አሥር ደቂቃ በኃይል ይንፈቅፈቅ። ይህን አትዝለይው፣ በተለይ ቀዩን። በደንብ ያልፈላ ቀይ ቦሎቄ ያስመልሳል፣ ሆድ ያጣድፋል። ከዚያ እሳቱን ቀንሰሽ በሁለት ጣት ስትጫኚው እስኪፈርስ ድረስ ይብሰል። ጨውና ቲማቲም ከበሰለ በኋላ ነው፤ ቲማቲም ቀድሞ ከገባ ቦሎቄው እልህ ይይዘዋል። ያረጀ ቦሎቄ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢጣድ አይበስልም፣ ስትገዢ ቆዳው የተጨማደደውንና የደበዘዘውን ተዪ።

ኪሎውን በሙሉ አንዴ ቀቅዪ። ከትንሽ መረቁ ጋር በጠፍጣፋ ፌስታል ከፋፍለሽ ፍሪዘር አስገቢ፤ ጠፍጣፋ ሲሆን ቶሎ ይቀልጣል፣ ቦታም አይፈጅም። አንዱ ፌስታል ከቀይ ቁሌት ጋር ወጥ ይሆናል። አንዱን ከተቀቀለ በቆሎ ጋር ቀላቅለሽ ንፍሮ አድርጊው፣ ዝናቡ ሲዘንብ ከቡና ጋር ይበላል።